የገለባው በረት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ጥፋተኛዋ ልጄ ናት። ሌላ ማንም አይደለም። ጉልበቴ ያበጠው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ የከብት መኖ የምሸከመው በእሷ ነው። «እማ፣ ብቻሽን ከምትሆኚ አጠገቤ ሁኚ» አለችኝ። አጠገቧ ማለት በረት መሆኑን ግን አልነገረችኝም።

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ገለባ ከመጋዘን ወደ በረት። ፀሐይ ላይ ከርሞ ቀለም የሚባል አልቀረውም። በቆሎውም ነጩ ብቻ ነው፤ ቢጫ ፍሬ ከተገኘበት ለቅሜ መጣል አለብኝ። ነፋስ ያመጣው ቅጠል ገንዳው ውስጥ ከገባ እሱንም ማውጣት ነው። ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ሳር አጭዳለሁ፣ አንገታቸውን አስግገው እንዳይደርሱበት። ከብትን ከሳር መጠበቅ... ማን ሰምቶ ያውቃል?

ከመንገዱ ማዶ ያለው በረት ሌላ ነው። እዚያ ያሉት ስድስት ወይፈኖች ለምለም ለምለሙን ይበላሉ። የእኔዎቹ ስድስቱ ሽታው ሲመጣባቸው ቆመው ወደዚያ ያያሉ። ልጄ ጥናት የምትለው ይህን ነው። ለምን እኔን እንደመረጠችም ነግራኛለች።

«ሌላ ሰው አዝኖ ሳር ይጥልላቸዋል። አንቺ ግን ካልኩሽ አትወጪም።»

ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

የግቢው ዘበኛ ስጽፍ አየኝ።

«እትዬ፣ እኔንም ጥሩ አድርገው ይጻፉኝ እንጂ።»

«አንተን ለመጻፍ ቀለም አላባክንም።»

«ግድ የለም፣ በእርሳስም ይሆናል።»

ምላሱ አያርፍም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ በምላሱ ብቻ የሚደክም ሰው...

ፊደል የለየሁት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው። ያስተማረችኝ ልጄ ናት፤ አባቷ ከሞተ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ ጠረጴዛ ላይ እጄን ይዛ። «ለራስሽ ጻፊ፣ ለማንም አታሳዪ» አለችኝ። ለእኔ አዝና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ግን የበረቱ በር ላይ «አረንጓዴ መኖ ክልክል ነው» የሚል ተለጥፎ አየሁ። እሱን እንዳነብ ነው እንዴ ያ ሁሉ ልፋት? ወይስ ክፉ እኔ ነኝ? አላውቅም። ደክሞኛል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

እሑድ ነው ብላ እንኳን አታርፍም። ዛሬ ላቦራቶሪ ይዛኝ ገባች። ጫማ አስወልቃ ሌላ ጫማ፣ ከላይ ነጭ ጋዋን... ልትድረኝ ነው ወይስ ልታሳየኝ?

ከወይፈኖቹ ጭን በመርፌ የወሰደቻት ሥጋ ከጥፍሬ አትበልጥም። ከውስጧ ሴሎች አውጥታ ሳህን ላይ ታሳድጋለች። በማይክሮስኮፕ እንዳይ አስጎነበሰችኝ። በአንዱ ሳህን ቀጫጭን ናቸው፣ ተበጣጥሶ እንደወደቀ ክር። በሌላው ክብ ክብ ሆነዋል፣ ሆዳቸው በቀይ ጠብታ ተሞልቷል። ቀዩ ስቡ ነው አለች፣ እንዲታይ ቀለም አጠጥታው።

«ከሁለት ከብት ነው?»

«ከአንድ ወይፈን ነው፣ እማ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ታናናሽ ናቸው፣ ምን እንደሚሆኑ ገና አልወሰኑም። የሚወስንላቸው የሚደርሳቸው መልእክት ነው።»

ሴሉ ውስጥ ተቀባይ የሚባል ነገር አለ። ከሳሩ የሚገኘው ቫይታሚን ሰውነት ውስጥ ተለውጦ ሴሉ ድረስ ይገባል፣ ያ ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። ሲቀመጥበት ሴሉ ስብ እንዳይሆን ይከለከላል። ሳር ከጠፋ ተቀባዩ ባዶውን ይቀራል። ከልካይ ከሌለ ደግሞ ሌላ ተቀባይ አለ፣ ስብ ሁን፣ ስብ ሁን የሚል። እሱ እንደ ልቡ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥጋው መሐል ነጭ ስብ እንደ ዳንቴል ይገባል። ሥጋው ይለሰልሳል፣ ዋጋው ይወደዳል።

ሦስቴ አስደግሜያታለሁ። የገባኝ ይህን ያህል ነው።

«ስለዚህ እኔ ገለባ የምሸከመው ሀብታም ጥርሱን እንዳያመው ነው?»

«የሚበላውን ሰውዬ ተዪው። ተቀባዩ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅን ሳር ሳንከለክል ሌላ መንገድ እናገኛለን።»

«እኔ ሳልበላ ነው የምወፍረው። ይልቅ የእኔን ተቀባይ እይልኝ።»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ... ስትስቅ አባቷን ትመስላለች። ቶሎ ወደ ሳህኖቿ ዞረች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ዝናብ። ጉልበቴ። ሌላ ምንም የለም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ወይፈኖቹ የሚመዘኑበት ቀን ነበር። ሚዛኑ ስለተበላሸ ሲጠገን ቆይቶ ወደ በረት ስንመለስ ፀሐይ ገባች፣ ዝናብም ጀመረ። መሐል ላይ የውኃ ቦይ አለ፣ ሕፃን የሚሻገረው። አምስቱ ተሻገሩ። ዳተኛው ቆመ።

ዳተኛው ያልኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚወጣው፣ መጨረሻ ነው የሚገባው። ከመጣ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ጎተትኩት፣ አልሄደም። ገፋሁት፣ ወደ ኋላ አለ። አፍንጫውን ወደ መሬት አድርጎ እፍ እፍ ይላል። ዝናቡ አንገቴ ውስጥ እየገባ፣ ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ... በዱላዬ መታሁት። አንዴ አይደለም። ዘሎ ሲሻገር ገደል እንደሚሻገር አድርጎ ነው የዘለለው፣ የፊት እግሩ ታጥፎ ወደቀ፣ ተነሣ።

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ፣ «እትዬ፣ እኔን እንደዚያ ቢመቱኝ ወንዝ እሻገር ነበር» አለ።

«አንተንማ ማን ከወንበርህ ያስነሣሃል?» አልኩት።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ጠዋት ቦዩን ተሻገረ። ምንም እንዳልነበረ ሁሉ። ጭራውን እየወዘወዘ። ይሾፍብኛል?

አመሻሽ ላይ ገለባ ስጨምር በግንባሩ ገንዳውን ገጨ። ከዚያ የበሩን ምሰሶ።

«ፍቅር ይዞት ይሆናል» አለ ዘበኛው።

«የተኮላሸ ነው።»

«እሱ ነዋ የሚያሳዝነው።»

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

እራት ላይ ነው የነገርኳት። ስሞታ ለማሰማት እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ያ ዳተኛ ሲመሽ እንቢ ይላል፣ ጠዋት መልአክ ይሆናል፣ ከእኔ ጋር እልህ ተጋብቷል... ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሲመሽ ብቻ?»

«ሲመሽ ብቻ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሾርባዋን ትታ የእጅ ባትሪ ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። በረቱ ውስጥ ገና ብዥ ያለ ብርሃን ነበር፤ እኔ ሁሉን አያለሁ። በፊቱ እጇን አወዛወዘች። ዓይኑን አላርገበገበም። ባትሪውን አብርታ አየችው፣ አጠፋችው፣ አበራችው። ከዚያ ግንባሯን አንገቱ ላይ አስደግፋ ቆመች።

«አያይም፣ እማ። ቫይታሚኑ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የጨለማ ማየት ነው። ቦዩ አልታየውም።»

ጎኑ ላይ የዱላው ሰንበር አለ። እሷም አየችው። ባትሪውን አጥፍታ ወጣች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

የምርምር ጣቢያው ኃላፊ በረቱ ድረስ መጣ። ጫማው እንዳይነካካ በእግር ጣቶቹ እየቆመ።

«ቀን ቀን ያያል፣ አይደል?»

«ያያል» አለች ልጄ።

«እንግዲያው ምን ያስቸኩላል? ደሙ ይመርመር፣ ውጤቱ ይምጣ፣ ያኔ እንነጋገራለን። ሊታረዱ ምን ቀራቸው? አንድ ከጎደለብሽ ደግሞ ጥናቱ ምን እንደሚሆን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ልጄ፣ ከእኔ ጋር ሲሆን አንዲት ቃል የማታሳልፍ ልጄ።

ሲሄድ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ለሥጋ የሚሆን ከብት እኮ ነው። መጽሐፍ አያነብ።»

ቤት ስንገባ ጠየቅኋት።

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ዛሬ መርፌ ብወጋው፣ ሳር ብንሰጠው ይመለስለታል። ከጥናቱ ግን ይወጣል።»

«ቢቆይስ?»

«ከቆየ የዓይኑ ነርቭ ይጎዳል። ያኔ በቀንም አያይም፣ መርፌም አይመልሰውም።»

«ምን ያህል ከቆየ?»

«አላውቅም። ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ወር ሊሆን ይችላል። አላውቅም፣ እማ። አትጠይቂኝ።»

የደሙ ውጤት የሚመጣው ከሌላ ከተማ ነው። መቼ? ሲመጣ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ከአጥሩ ሥር ሳር አጨድኩ። እንደ ወትሮው ልጥለው ነበር። ከዚያ እቅፍ አድርጌው ዳተኛው ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ሸተተው። ምላሱን አወጣ። ማንም አልነበረም፣ ከዘበኛው በቀር።

«እትዬ፣ አላየሁም ልበል?»

ልጄ ማክሰኞ ማታ የነገረችኝ መጣብኝ። «ተደብቀሽ ሳር እንዳትሰጪው። ከሰጠሽው እኔ ሳላውቅ ገለባ ብቻ እንደበላ እቆጥረዋለሁ። ውሸት ይሆናል። ሌሎቹም በከንቱ ነው የተራቡት።» ትክክል ናት። ትክክል ስትሆን ነው በጣም የምታናድደኝ።

ሳሩን ከአጥሩ ውጪ ጣልኩት። ዳተኛው ምላሱን እንዳወጣ ቀረ።

«ያሳዝናል» አለ ዘበኛው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ተደብቆ መስጠት ውሸት ከሆነ... በግልጽ መስጠትስ?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ሌሊቱን ሳልተኛ ቀረሁ። ጠዋት ገለባውን ለአምስቱ ሰጠሁ። የዳተኛውን ገንዳ ባዶ ተውኩት። ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ልጄ እዚያው ነበረች፣ ወረቀት ይዛ። ጭቃ እግሬን ምንጣፉ ላይ አቆምኩ።

«ለዳተኛው ከዛሬ ጀምሮ ገለባ አልሰጠውም» አልኩ። «የምሰጠው ሳር ነው። አሁን ልሰጠው ነው። ተደብቄ እንዳይሆን ነው የመጣሁት።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ ይህ የሳይንስ ሥራ ነው።»

«ሳይንሱን ልጄ ነግራኛለች፣ ጥሩ ነው። እኔ የምለው ስለ ገለባው ነው። እኔ አልሰጠውም። ሌላ ሰው ያስገቡ።»

«ሌላ ሰው ካስገባን እርስዎ ይወጣሉ።»

«እወጣለኋ።»

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። አንገቷ ቀልቷል። በሕይወቴ እንደዚያ አሳፍሬያት አላውቅም። ልወጣ በሩን ስይዝ ድምፅዋን ሰማሁ፣ ትንሽዬ ድምፅ።

«አስወጣዋለሁ።»

«እናትሽን?» አለ ኃላፊው።

«ወይፈኑን። ዛሬ መርፌውን እወጋዋለሁ። ጥናቱ በአምስት ይቀጥል።»

«በአምስት የሚቀጥል ጥናት...»

«አውቃለሁ» አለች። አላስጨረሰችውም።

መርፌውን ስትወጋው አንገቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሳር ሰጠሁት። ሲበላ የሚሰማው ድምፅ... ሌሎቹ አምስቱ አንገታቸውን በአጥሩ ግንድ ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ወደ ሌላ በረት ወሰድነው፣ እንዳያዩት።

ማታ ቤት ውስጥ አናገረችኝ። ብትቆይ ይሻል ነበር።

«እኔው ላደርገው ነበር።»

«መቼ?»

«ላደርገው ነበር፣ እማ! አሁን ሰው የሚለው እናቷ ተቆጥታት ነው ነው። ስንት ዓመት የለፋሁበትን ከእጄ ነጠቅሽኝ። ዶክተር ተብዬ በእናቴ የምነዳ ልሁን?»

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜም አለኝ። ግን ዓይኗ ሥር የጠቆረውን አየሁና ተውኩት። እውነቷን ነው። የእኔም እውነት ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ አልበቃ አሉ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

አላናገረችኝም። ዳቦ ገዝታ ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች። ግማሹን ቆርሳ፣ ግማሹን ለእኔ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

የደሙ ውጤት መጣ፣ የስድስቱም። የዳተኛው ቫይታሚን ከሚገባው እጅግ በታች። የሌሎች ሁለት ወይፈኖችም እንዲሁ፣ ገና ምንም ምልክት ያላሳዩ።

እኔ መኖ ክፍል ነበርኩ። ወረቀቱን ይዛ መጣች፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ደጋግማ አነበበችው።

«ኃላፊው እነሱን ማውጣት አያስፈልግም ይላል። ገና አልታመሙም ይላል።»

«አንቺስ?»

«አንቺስ አትበይኝ፣ እማ። ቀድመሽ መልሱን ልትሰጪኝ ነው።»

መልሱን ዋጥኩት። ለእኔ ከባድ ሥራ ነው።

«አወጣቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ይቀራሉ። በሦስት ምንም ማለት አይቻልም። አለቀ ማለት ነው። እንደገና ከመጀመሪያው።»

አላለቀሰችም። የገለባ ብናኝ ከጉልበቷ ላይ እያራገፈች ቆየች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን ይባላል? አይዞሽ ልላት ፈለግኩ፣ ከአፌ የወጣው «ልብስሽ ተበላሸ» ነው። እሷ ግን ገባት መሰለኝ። ትከሻዬን ተደገፈች። ጉልበቴ አመመኝ፣ አልተነቃነቅኩም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ሁለቱን ስትወጋ ኃላፊው አልመጣም። ሌሎቹንም ሦስቱን ወጋቻቸው። ስድስቱም ሳር ይበላሉ። ዘበኛው ወንበሩን ትቶ ሳር ተሸከመልኝ።

«ይጻፉልኝ እንግዲህ፣ እትዬ።»

ይኸው ጻፍኩልህ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አመሻሽ ላይ ልጄ ጠራችኝ። ዳተኛው ሁልጊዜ በሚያልፍበት መንገድ መሐል ባልዲ አስቀምጣለች፣ ከዚህ በፊት እዚያ ኖሮ የማያውቅ። ብርሃኑ ያኔ ቦዩ ዘንድ እንደነበረው ነው፣ ብዥ ያለ።

«ልቀቂው» አለች።

ለቀቅኩት። ሄደ። ባልዲው ጋ ሲደርስ ቆመ። አፍንጫውን ወደ መሬት አላደረገም። አየው። ዞሮ አለፈ።

ልጄ ባልዲውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረችው። አሁንም ዞሮ አለፈ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ሰለቸው መሰለኝ፣ ቆሞ ሳሩን ማየት ጀመረ። ወደ ጎኑ ሄጄ የዱላው ሰንበር የነበረበትን ዳበስኩት። ጠጉር አብቅሏል። ሸሸኝ። እጄን ያውቃታል። ይሸሽ፣ መብቱ ነው።

ራሴን አላታልልም። ጥናት ውስጥ ባይሆንም ወይፈን ነው፣ አንድ ቀን ይሸጣል። ያተረፍንለት ዓይኑን ነው እንጂ ነፍሱን አይደለም። እስከዚያ ግን የሚሄድበትን ያያል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ልጄ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ጠየቅኋት።

«ምን አለሽ?»

«ብዙ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ብዙ።»

ያ ነው። ሾርባዋን ጨርሳ ጠጣች። አንቀላፋች ወንበሩ ላይ። መነጽሯን አወለቅኩላት።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

አዲስ ወይፈኖች ከመኪና ወረዱ። ጥናቱ እንደገና ሊጀመር ነው። ግማሾቹ ገለባ፣ ግማሾቹ አረንጓዴ። ልጄ ሕጉን ለውጣዋለች። ገለባ የሚበሉበት ጊዜ እንደ በፊቱ አይረዝምም። ደማቸው ቶሎ ቶሎ ይታያል፣ ውጤቱም ከሌላ ከተማ አይጠበቅም፣ እዚሁ ትሠራዋለች። በየሳምንቱ ሲመሽ ባልዲዋን እየያዘች መንገድ ላይ ታሳልፋቸዋለች። የተደናቀፈ በዚያው ቀን ይወጣል። ማንንም ሳትጠይቅ። ኃላፊው ፈርሞበታል። እንዴት እንዳስፈረመችው አልነገረችኝም።

«የሚወጣው በበዛ ጊዜስ?» አልኳት።

«እንደገና እጀምራለሁ።»

«ታረጃለሽ።»

«አንቺን እመስላለኋ።»

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አዲሶቹን እያየች።

«እማ፣ የገለባውን በረት እንደ በፊቱ ትይዢልኛለሽ?»

ልቆጣ ነበር። አልተቆጣሁም። ደክሞኝም ሊሆን ይችላል። የምትፈልገውን አውቃለሁ። ያ ተቀባይ እንዴት እንደሚሠራ ካወቀች ሳር የሚከለከል ከብት አይኖርም ትላለች። ይሁን። ትፈልገው። የሚከለክልላት ሌላ ሰው ትቅጠር፣ እኔ እሱን አልጠላውም፣ ሥራው ነው።

ነገርኳት። ማዶ ያሉትን አረንጓዴዎቹን እመግባለሁ። ሲመሽ ባልዲ እይዝላታለሁ፣ ወይፈኖቹን አንድ በአንድ አሳልፍላታለሁ፣ ያለ ዱላ። ከበረቱም አልወጣም፣ ከእሷም አጠገብ አልለይም።

ገለባ ግን ከእንግዲህ አልሸከምም።